ተሳቢው ባለቤት ሲሆን፤ በተራራ መንገድ ላይ ስለ መጎተትና ስለ መያዝ



በቋንቋ ትምህርት ክፍል ያሉ ወዳጆቼ «ተሳቢ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ አስቀድሞ የሚታያቸው «ን» የምትጨመርበት ስም ነው። «አልማዝ በጉን ገዛች» ስንል አልማዝ ባለቤት፣ በጉ ደግሞ ተሳቢ ነው። እኛ መሐንዲሶቹ ተሳቢ ስንል ከከባድ መኪና ኋላ ተያይዞ የሚሄደውን፣ የራሱ ሞተር የሌለውን ባለ ጎማ ጭነት ማለታችን ነው። ሁለቱም «ሳበ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያመለክቱት ድርጊት የሚፈጸምበትን እንጂ ድርጊት የሚፈጽመውን አይደለም። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ ክፍፍል በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ የጸና ቢሆንም በሐረጎ መንገድ ላይ የማይጸና መሆኑን ነው። ዳገቱ አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር ገፊው ተሳቢው ነው፤ ተገፊው ጎታቹ ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ተለውጧል፤ መሪውን የያዘው ሰው ግን ይህን ሳያውቀው ሊቆይ ይችላል።

ርእሱን የመረጥሁት ከአንድ ዘመዴ ለደረሰኝ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ነው። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ረጅም ዘመን አሜሪካ ኖሮ አሁን ጡረታው ተቃርቧል። እዚያ ሰዎች ለሽርሽር የሚጎትቱት ቤት መሰል ተሳቢ ገዝቷል፤ ከፊት አልጋ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሞተር ብስክሌት የሚያስገባ ጋራዥ አለው። የኋላው ግድግዳ ወደ መሬት ሲዘረጋ መወጣጫ ይሆናል። ይህን ዕቃ በጅቡቲ ወደብ አስገብቶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ደሴ፣ ከዚያም ወደ ትውልድ ቦታው ወርዶ ከሐይቁ ዳር ማቆም ይፈልጋል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒክአፕ መኪናው ሐረጎን ይወጣል ወይ?

ጥያቄው የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። ሻጩም የሚያወራው ስለ መሳብ ነው፤ የመኪና ማስታወቂያም ቢሆን የሞተሩን ጉልበት ይነግረናል እንጂ ከተራራ ጫፍ በሰላም ስለ መውረድ አይነግረንም። እኔ ግን ሐይቅ ከተማን ለሁለት ከፍሎ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ የሚወርዱትን ባለ ተሳቢዎች ገና ሳይታዩ በፍሬናቸው ሽታ እናውቃቸው ነበር። ዳገት ላይ የተሸነፈ መኪና ይቆማል፤ ሾፌሩም ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ቁልቁለት ላይ የተሸነፈ መኪና አይቆምም፤ የሚደርሰውም ገበያ መካከል ነው።

እዚህ ወሎ ውስጥ ስለ መጎተት የሚናገር ሰው ሴባስቶፖልን ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይገባውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። በቀጥታ መስመር ቢለካ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ርቀት ለማቋረጥ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ፤ ምክንያቱም በመካከሉ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ መሄድ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ኋላም የሮበርት ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግሥ እነዚህን ሸለቆዎች የወረደውና የወጣው ቴዎድሮስ በሠሩት መንገድ ነው። (መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።)

የታሪክ ሰዎቻችን ስለዚህ ጉዞ ሲናገሩ በመቶ የሚቆጠሩትን ጎታቾች ያስባሉ። እኔ የማስበው የሚይዙትን ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 20 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ፣ 7 ቶን ወደ ኋላ የሚስበን ኃይል 1,400 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። ጎማው እንጨትና ብረት፣ መንገዱ አፈርና ጠጠር ስለሆነ ለመንከባለል ብቻ ሌላ 500 ኪሎ ግራም ያህል እንጨምር። አንድ ሰው ሳይታክት ሊስብ የሚችለው 15 ኪሎ ግራም ገደማ ቢሆን፣ 1,900 ኪሎ ግራም ለመሳብ ከ120 በላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ መሳብ አለበት። በተግባር ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለማይስብ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

አሁን አምባውን ተሻግረን ወደ በሽሎ እንውረድ። ከፊት ያሉት ጎታቾች ጥቅማቸው አበቃ፤ እንዲያውም ከመንኰራኵሩ ፊት መገኘታቸው አደጋ ሆነ። 1,400 ኪሎ ግራሙ አሁን የሚስበው ወደ ፊት ነው። ያ ሲወጡ ጠላት የነበረው 500 ኪሎ ግራም የመንገድ ግጭት ግን ወዳጅ ሆኗል፤ ከ1,400ው ላይ ይቀነሳል። የቀረውን 900 ኪሎ ግራም ከኋላ በጠፍርና በገመድ መያዝ ግድ ነው። 60 ሰው ያህል መሆኑ ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ቁም ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ መጥፎ መንገድ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ነው። ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ከአዲስ አበባ በጣርማ በር፣ በደሴ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚዘልቀውን ጎዳና ሲያነጥፉ፣ ከእነርሱም በኋላ የመጡት መንገድ ሠሪዎች አስፋልቱን ሲያለሰልሱት፣ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ቀነሱልን። በዚያው ልክ ግን ስንወርድ በነጻ የምናገኘውን መያዣ ወሰዱብን። የላስቲክ ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚያሳየው ተቃውሞ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 5 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 6 በመቶ በሆነ ቁልቁለት ላይ በ300 ኪሎ ግራም ኃይል ይገፋል፤ መንገዱ የሚይዝልን 50 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የተቀረው የፍሬንና የሞተር ዕዳ ነው። ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣልን መዝገበ ቃላት ማለትም ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቦቴ የሚለው ሁሉ እስከ ዛሬ በጋራዦቻችን ሕያው ነው። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በሐረጎ ላይ ዋጋ ያለው የመጀመሪያው ነው ብል የሚከራከረኝ ሾፌር ያለ አይመስለኝም።

ወደ ዘመዴ ጥያቄ ልመለስ። ፒክአፑ 3 ቶን፣ ተሳቢው 5 ቶን፣ በድምሩ 8 ቶን ናቸው እንበል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህን ክብደት ወደዚያ ከፍታ ማንሣትና 20 ኪሎ ሜትር ማንከባለል ወደ 63 ሜጋ ጁል ይጠይቃል፤ በግማሽ ሰዓት ቢወጣ በአማካይ 35 ኪሎ ዋት ነው። የቤንዚን ሞተር ያለ ቱርቦ ከሆነ አየሩ በመሳሳቱ ምክንያት በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ደሴ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቡን አጣ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል ላይ 100 ኪሎ ዋት የነበረው ሞተር 75 ቢቀርለትም 35ን ለመስጠት አያቅተውም። ራዲያተሩ ደህና ከሆነ ይወጣል፤ በዝግታም ቢሆን ይወጣል። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ «አዎን» ነው፤ ነገር ግን መልሱ ብቻውን ሰው ይገድላል።

ምክንያቱም የተነሣው ሁሉ መውረድ አለበት። ተሳቢው ብቻውን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 29 ሜጋ ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉን የጎማና የአየር ተቃውሞ ይወስደዋል እንበል፤ 20 ሜጋ ጁል ይቀራል። በዚህ ሙቀት ከ60 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት ይቻላል። ወይም ለእናቶቻችን በሚገባ ቋንቋ፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ነው። 40 ቶን የሚመዝነው ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ደግሞ 25 ምጣድ ያህል ይዞ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሙቀት ወዴት ይሂድ? ሾፌሩ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ ወደ ፍሬን ከበሮዎቹ ነው። የትንሹ ተሳቢ አራት ከበሮዎች በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ብረት ቢሆኑ፣ አየር ባያበርዳቸው ኖሮ ሙቀታቸው በ1,000 ዲግሪ ይጨምር ነበር። በእርግጥ አየር ያበርዳቸዋል፤ ግን እጅግ ከዚያ በታች እንኳ ነገሩ ይበላሻል። ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ከበሮው ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል። በፈሳሽ በሚሠራ ፍሬን ላይ ደግሞ ዘይቱ ያረጀና እርጥበት የጠጣ ከሆነ ይፈላል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሦስቱም ባንድነት ይመጣሉ፤ ሦስቱም የሚመጡት ቁልቁለቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ልምድ የሌለው ሾፌር ግማሹን መንገድ በሰላም መውረዱን እንደ ማስረጃ ይወስደዋል። ማስረጃው ግን የሙቀቱ ክምችት እንጂ የደኅንነቱ አይደለም።

መድኃኒቱ አሮጌ ነው፤ ከባድ ማርሽ። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሽከረከር ጉልበት ይበላል፤ ሙቀቱንም በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ያስወጣል፤ ይህን ሥራ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይደክመውም። የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው አየሩን የሚያንቅበት በር ስለሌለው ብቻውን ደካማ መያዣ ነው፤ ስለዚህም ነው ከባድ መኪኖች ጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ የሞተር ፍሬን የሚገጠምላቸው። ዜሮ ማርሽ፣ ሾፌሮቻችን ፎሌ የሚሉት፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለት ላይ ከገባ ይህ ሁሉ ረዳት በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ይጠፋል። አንጋፋ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ይህ ምክር ለአባቶቻችን መኪና ትክክል ነበር፤ ለዛሬው ግን አይበቃም እላለሁ። የአሁን ሞተሮች በቱርቦ ስለሚታገዙ ዳገቱን በቀላል ማርሽ ይወጡታል፤ የመያዝ ችሎታቸው ግን በመሳብ ችሎታቸው ልክ አላደገም። ስለዚህ ከወጡበት ማርሽ አንድ ወይም ሁለት ከበድ አድርጎ፣ ያውም ገና ሜዳው ላይ ሳሉ መያዝ ይገባል። ፍሬን ሲያስፈልግም እግርን ሳያነሡ መዳበስ ሳይሆን፣ ፍጥነቱን ከ40 ወደ 30 ቆፍጠን አድርጎ አውርዶ መልቀቅና ከበሮውን አየር ማስመታት ነው።

እስካሁን ያልኋችሁ ለማንኛውም ተሳቢ ይሠራል። አሁን የምነግራችሁ የዘመዴን ዓይነት ተሳቢ ከሌሎች የሚለየውን ነው፤ ለእኔም ከጉዳዩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው።

በጎዳናችን ላይ የምናውቀው የጭነት ተሳቢ ከፊትና ከኋላ አክስል አለው፤ የፊቱ ከመሳቢያው ዘንግ ጋር ይዞራል። ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጎማዎች ይሸከማል፤ በጎታቹ መንጠቆ ላይ የሚጭነው የለም ማለት ይቻላል። ቤት መሰሉ ተሳቢ ግን አክስሎቹ ከመካከሉ ጥቂት ወደ ኋላ ተጠግተው ያሉ በመሆናቸው፣ የፊት ጫፉ በጎታቹ መጋጠሚያ ላይ ይደገፋል። ይህ ድጋፍ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን በአሜሪካ ይመከራል። ከዚህ ከበለጠ የመኪናው የኋላ እግር ይሰምጣል፤ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ መሪው ይሳሳል። ከዚህ ካነሰ ደግሞ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ከሁለቱ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው።

ውዝዋዜውን እንዲህ አስቡት። ከኋላ የሚያልፍ ሲኖትራክ በአየሩ ግፊት ተሳቢውን ወደ ጎን ይነካዋል። ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ይመልሱታል፤ አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በዝቅተኛ ፍጥነት እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ያንሳል፤ በጥቂት ሰከንድም ይጠፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚያጠፋው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከአንድ ወሰን በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ይበልጣል። ኃይሉን ከየት ያገኛል? ከራሱ ከጉዞው ነው፤ ወደ ፊት የሚሄደው ጕልበት ወደ ጎን ይዞራል። ያ ወሰን ለእያንዳንዱ ተሳቢ ይለያያል፤ ከሁሉ በላይ የሚወስነውም ጭነቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቁልቁለት ላይ ወሰኑ ይዝላል፤ ተሳቢው ጎታቹን ይገፋልና።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ተሳቢው ያለ ጋራዡ ጭነትና ያለ ውኃ 4,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው 520 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም 13 በመቶ ነው። የአክስሎቹ መካከል ከመጋጠሚያው 5 ሜትር ይርቃል። ጋራዡ ከአክስሉ ኋላ ነው፤ ሁለቱ ሞተር ብስክሌቶችና ዕቃቸው 600 ኪሎ ግራም ሆነው ከአክስሉ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጡ፣ ከመጋጠሚያው ላይ የሚያነሡት 600 ሲባዛ በ1.5፣ ሲካፈል ለ5፣ 180 ኪሎ ግራም ነው። የንጹሕ ውኃ በርሜሉ ደግሞ ከአክስሉ 3 ሜትር ወደ ፊት ነው እንበል፤ 300 ሊትር ሲሞላ በመጋጠሚያው ላይ 180 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ሁለቱም ሲጫኑ ይጣፋሉ፤ መጋጠሚያው ላይ 520 ይቀራል፤ ጠቅላላው 4,900 ስለሆነ 10.6 በመቶ ነው። ደህና ነው። ሰውየው በዚህ ሁኔታ ከደሴ ወጥቶ ሐይቅ ይደርሳል፤ ምንም አይሰማውም።

ከሐይቁ ዳር አንድ ሳምንት ይቆያል። ይታጠባል፤ ያበስላል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ይሳለማል፤ ውኃው ያልቃል። የቆሸሸውንም ውኃ አፍስሶ ይነሣል። ሞተር ብስክሌቶቹ እንደ ነበሩ ናቸው። አሁን ጠቅላላው 4,600 ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው 340 ብቻ ነው፤ ይኸውም 7.4 በመቶ ነው። ያው መኪና፣ ያው ተሳቢ፣ ያው ሾፌር፣ ያው መንገድ፤ እንዲያውም ክብደቱ ቀንሷል፤ ነገር ግን በደህና የመጣው ተሳቢ ሲመለስ ይወዛወዛል። ሸክም ሲቀንስ አደጋ የሚጨምርበት ነገር በምሕንድስና ብዙ የለም፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ይህ ነው።

«እንግዲያስ ሁልጊዜ ውኃ ሞልቶ ይሂድ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ለመጋጠሚያው ሚዛን ልክ ነው። ነገር ግን ከባድ ነገር በሁለቱ ጫፎች ላይ ሲቀመጥ ሌላ ችግር ይመጣል። ረጅም እንጨት በትከሻው ተሸክሞ የሚሄድን ሰው ከኋላው ስትጠሩት አይታችኋል፤ መዞር ይቸግረዋል፤ አንዴ መዞር ከጀመረም ማቆም ይቸግረዋል። ተሳቢውም እንዲሁ ነው፤ ክብደት ከመካከሉ በራቀ መጠን ውዝዋዜው ለመጀመር ዳተኛ፣ ለማቆም ግን እልኸኛ ይሆናል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ በተቻለ መጠን ወደ አክስሉ ማስጠጋት ይሻላል። ጋራዡን ከኋላ ጫፍ ያደረገው የሥራው ጠባይ ነው፤ በሩ ከኋላ ካልሆነ ሞተር ብስክሌት አይገባም። ሠሪዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ጉድለቱን ለማካካስ ከባድ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት ያደርጋሉ፤ በዚህም ጋራዡ ባዶ ሲሆን መጋጠሚያው ከልክ በላይ ይከብዳል። የሁልጊዜ መካከለኛ የሚባል ነገር የለም። በየጉዞው መመዘን ብቻ ነው ያለው።

ውዝዋዜው ከጀመረ ምን ይደረግ? እጅ መሪውን በተቃራኒ ለማዞር ይቸኩላል፤ እግርም ፍሬኑን ለመርገጥ ይቸኩላል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የሰው እጅ ሁልጊዜ ከውዝዋዜው ጥቂት ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ሊያጠፋው ሲሞክር ያቀጣጥለዋል። የጎታቹን ፍሬን መርገጥ ደግሞ ፊተኛውን አዘግይቶ ኋለኛውን በላዩ ላይ መልቀቅ ነው፤ ሁለቱ በመጋጠሚያቸው ላይ ይታጠፋሉ። መደረግ ያለበት መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ነዳጅ ከመስጠት መቆጠብና የተሳቢውን ፍሬን ብቻውን በእጅ መቆጣጠሪያው መያዝ ነው። ከኋላ የተያዘ ተሳቢ እንደ ተወጠረ ገመድ ይቀናል። የሴባስቶፖልን ጠፍር ያዦች አስታውሱ፤ ቦታቸው ከኋላ ነበር።

የተሳቢው የራሱ ፍሬን መኖሩና መሥራቱ ስለዚህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በከባድ መኪኖቻችን በጎታቹና በተሳቢው መካከል የሚያልፉትን ሁለት የአየር ጎማዎች ሁላችሁም አይታችኋል። ቀዩ አየር ያቀብላል፤ ቢጫው የሾፌሩን ትእዛዝ ያደርሳል። ቀዩ ቢበጠስ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል፤ ይህ ውብ አሠራር ነው፤ ብልሽቱ ራሱ መከላከያውን ያስነሣል። በትናንሾቹ ተሳቢዎች ላይ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ነው፤ መጋጠሚያው ቢከፈት አንድ ቀጭን ካቦ ተስቦ ማብሪያውን ይነቅላል፤ በተሳቢው ላይ ያለች ባትሪም ፍሬኑን ትይዛለች። ባትሪዋ ሞታ ከሆነ ግን አይይዝም። ዓመቱን ሙሉ ቆሞ በክረምት አንድ ሳምንት ብቻ በሚሄድ ዕቃ ላይ ባትሪ መሞቱ የተለመደ ነው።

ባለቤትነት የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ዘወትር የሚሠራ መኪና በሽታውን ይናገራል፤ የቆመ ተሳቢ ዝም ይላል። ጎማው ጥርሱ ሳይበላ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ፀሐያችን ደግሞ ፈጥኖ ይሰነጠቃል፤ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ ቢመስልም መለወጥ አለበት። የኩሽኔታው ቅባት ይደርቃል። ጣሪያው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይሰነጠቅና የሐምሌ ዝናብ ከእንጨቱ ውስጥ ይገባል። ጋራዥና መኝታ በአንድ ግድግዳ ብቻ ስለሚለያዩ፣ ቤንዚን የያዘ ሞተር ብስክሌት አስገብቶ በሩን ዘግቶ መተኛት ወይም ጀነሬተር በአጠገቡ አስነሥቶ ማደር በከሰል ጭስ ታፍኖ እንደ መሞት ያለ አደጋ አለው። ይህን ረዘም አድርጌ አልናገርም፤ የከሰልን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከወጣቶቹ በኩል መምጣቱ የማይቀር ጥያቄ ነውና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ተሳቢ ሲጎትት አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ጉዳቱ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ከሁሉ የተሻለ ያዥ ነው፤ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ የቁልቁለቱን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ያ 8 ቶን ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው ደሴ አድሮ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ጠዋት ወደ ሐረጎ ቢወርድ፣ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለውም፤ መኪናው መያዙን ይቀንሳል ወይም ይተወዋል፤ ሾፌሩም ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ሞልቶ የተነሣ ሰው ተዘጋጅቶ የተነሣ ይመስለዋል። ከተራራ ጫፍ ሲነሡ ግን ባትሪው ጥቂት ጎደል ቢል ይሻላል።

ለዘመዴ የጻፍሁለት መልስ እንግዲህ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ መኪናህን ለውጥ። በአገራችን የተለመዱት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፖች ከአምራቾቻቸው የተፈቀደላቸው ከፍተኛ የመጎተቻ ገደብ በብዙ አገሮች 3,500 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ 5 ቶንህን ሐረጎ ላይ ቢያወጡት እንኳ የሚያወርዱት እነርሱ አይደሉም። አለዚያም ከባዱን ተሳቢ እዚያው ሽጠህ ሁለት ቶን የማይሞላ ፈልግ፤ ሞተር ብስክሌቱን እዚህ ታገኛለህ። ሁለተኛ፣ ከሐይቅ ስትነሣ ውኃህን አትጨርስ፤ ወይም አንዱን ሞተር ብስክሌት በፒክአፑ ላይ ጫን። ሦስተኛ፣ የመጋጠሚያውን ጫና በዓይንህ አትገምት። ጠንካራ እንጨት አግድም አድርግና አንዱን ጫፍ በሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በድንጋይ ላይ አሳርፍ፤ የተሳቢውን ጫፍ ከድንጋዩ በኩል አንድ አራተኛው ርቀት ላይ አስቀምጥ፤ ሚዛኑ የሚያሳይህን፣ የእንጨቱን የራሱን ክብደት ቀንሰህ፣ በአራት አባዛው። ተሳቢው ሜዳ ላይ፣ ጎማው በታኮ ተይዞ መሆን አለበት።

ይህን ልኬት ነገ ጠዋት በወርክሾፑ ግቢ ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር በአንድ ትንሽ የጄነሬተር ተሳቢ ላይ እንሠራዋለን፤ 100 ኪሎ ግራም አሸዋ ከአክስሉ ፊትና ኋላ እያዛወርን ቁጥሩ ሲለወጥ እናያለን። ከሌላ ትምህርት ክፍል መምጣት የሚፈልግ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ የቋንቋ ሰዎችንም ጭምር። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።